ውሃ በፈረቃ ቢሆንም እጅ መታጠብ በፈረቃ አይሆንም

(ባለፈው እሁድ ቱሉ ዲምቱ፣ በብሎኮቻችን የጋራ አዳራሽ፣ ትናንሽ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ያደረግኩት ንግግር ነው። አንዷ እናት በስልኳ ቀድታው ስለነበር ከዛ ላይ እየሰማሁ ነው የፃፍኩት፣ ብዙም አልነካካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ እማማዎቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ! እሁድ ከሰአት ልብስ የሚታጠብበት፣ ውሃ ከመጣም ጀሪካን የሚሞላበት ሰአት እንደሆነ አውቃለሁ፣ እሱን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። አባቶችም በርከት ብላችሁ መምጣታችሁ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ የልጅ ንፅህና የእናት ስራ ብቻ ነው ያለው ማነው? ልጆቹን አታስወጧቸው፣ እዛው ይጫወቱ፣ ድምፃቸው አይረብሸኝም፣ የምናወራው ስለነሱ ነው።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ፣ በሙያዬ ነርስ ነኝ፣ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ሆኜ አቃቂና ቃሊቲን ቤት ለቤት ዞሬያለሁ፣ ልጆቼንም ያሳደግኩት እዚሁ ዳር ከተማ ነው፣ ስለዚህ የምናገረው የማላውቀውን ኑሮ አይደለም። ዛሬ ሶስት ነገር ነው የማነሳው። አንደኛ እጅ። ሁለተኛ የልጆቻችን ካካ፣ ስሙ አያሳፍረን፣ ከባድ ጉዳይ ነው። ሶስተኛ የምናጠጣቸውና የምናበላቸው ነገር።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ከመሀላችሁ ዛሬ ጠዋት ቤቱ ጠብታ ውሃ ያልነበረው ማነው? እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ ማንም የለም። ቧንቧው ላይ ላይኖር ይችላል፣ ግን በጀሪካን አለ፣ በበርሜል አለ፣ ሮቶ ያላችሁም አላችሁ። ቡና የተፈላበት ውሃ አለ፣ ሽሮ የተሰራበት ውሃ አለ። እጅ መታጠብ ላይ ስንደርስ ግን "ውሃ እኮ የለም" እንላለን። ለመሆኑ እጅ ለመታጠብ ስንት ውሃ ነው የሚያስፈልገው? አንድ ኩባያ! አንድ ኩባያ ውሃና ቁራጭ ሳሙና። ውሃ ሲጠፋ መጀመሪያ የምንቆጥበው ከእጅ መታጠቢያው ነው፣ እኔ ደግሞ ዛሬ የመጣሁት እሱ መጨረሻ ላይ ነው መነካት ያለበት ልላችሁ ነው። ልብሱ ይደር! ወለሉ ሳይወለወል ይደር! መኪና ያላችሁ መኪናችሁ አቧራ ለብሶ ይሰንብት! የልጅ እጅና ልጅ የሚያጎርስ እጅ ግን ሳይታጠብ አይደርም።

ለምን እንደዚህ አከረርሽው ትሉኝ ይሆናል። እስቲ የአንዲትን እናት እጅ አብረን እንከተለው። ጠዋት ነው፣ የህፃኑ ዳይፐር ሞልቷል፣ ፈታችው፣ በዋይፕስ ጠረገችው፣ ዳይፐሩን ጠቅልላ ፌስታል ውስጥ ከተተችው። ጎበዝ እናት ናት፣ ቤቷ ፅድት ያለ ነው። ስልኳ ጠራ፣ አነሳችው። እያወራች የበሩን እጀታ ከፍታ ፌስታሉን በረንዳ ላይ አስቀመጠች። ትልቁ ልጅ "እማ ራበኝ" አላት፣ የመሶቡን ክዳን አንስታ እንጀራ ቆርሳ ሰጠችው። ይሄ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይሞላም። እጇ ላይ የሚታይ ነገር የለም፣ አይሸትም፣ ዋይፕሱ ሽታውን አጥፍቶታል። ግን ዳይፐሩ ላይ የነበረው አሁን የት የት ነው ያለው? ስልኩ ላይ አለ። እጀታው ላይ አለ። መሶቡ ላይ አለ። እንጀራው ላይ አለ። እንጀራውስ የት ገባ?

ለዚህ ነው እጅ እጅ የምለው። ከሽንት ቤት መልስ፣ ልጅ ካፀዳዱ በኋላ፣ ምግብ ከመስራት በፊት፣ ልጅ ከማብላትና ከማጥባት በፊት፣ ራሳችን ከመብላታችን በፊት። ሌላው ጊዜ ቢያመልጣችሁ ያምልጣችሁ፣ እነዚህ ግን አያምልጧችሁ። በሳሙና መታጠብ ብቻውን ከ10 ተቅማጥ 3ቱን ያህል ያስቀራል፣ ጉንፋንና ሳልም ይቀንሳል። መድሃኒት ቤት ሄዳችሁ ይሄን ያህል የሚሰራ ነገር በዚህ ዋጋ አታገኙም።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፣ እኛ አገር እጅ ሳይታጠብ አይበላም፣ ጆግና ሳፋ ይዞ ከትልቅ ሰው ጀምሮ ማስታጠብ የኖረ ባህላችን ነው፣ በጣም ነው የምወደው። ግን ልብ ብላችሁ እዩት። የምናፈሰው ውሃ ብቻ ነው! እንግዳው ጣቶቹን ያረጥባል፣ ሁሉም በዛችው አንድ ፎጣ ይጠርጋል፣ አለቀ። ሳሙና ማቅረብ እንግዳውን ቆሻሻ ነህ ማለት ይመስለናል። ምንም ነውር የለውም፣ ሳሙናውን በሳህን አድርጋችሁ ከጆጉ ጋር አቅርቡ፣ እኔ ቤት ከተለመደ ቆየ፣ ማንም ቅር ያለው የለም። የሚያሳዝነኝ ደግሞ ማን እንደሚታለፍ ታውቃላችሁ? ልጁ! "እሱን ተዪው እናቱ ታጎርሰዋለች" ይባላል። ያ ልጅ ሲድህ የዋለ፣ ጫማ ሲያነሳ የዋለ ነው፣ እናቱ እስክታጎርሰው ጣቱ አፉ ውስጥ ነው። ከሁሉም በፊት መታጠብ ያለበት እሱ ነበር።

ሳሙናው ለምን አስፈለገ፣ ውሃው አይበቃም ወይ የምትሉ ካላችሁ፣ የጨጓራ ወጥ የተሰራበትን ድስት በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ አጥባችሁ ታውቃላችሁ? ይለቃል? አይለቅም። እጃችን ላይ ቅባት አለ፣ ጀርሙ የሚይዘው እሱን ነው፣ ሳሙናው ቅባቱን ሲፈታው ጀርሙም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ 20 ሰከንድ ያህል እሹት፣ የጣቶች መሀል፣ አውራ ጣት፣ ጥፍር ስር። ልጆች ከሆኑ ከ1 እስከ 20 ቀስ እያሉ ይቁጠሩ፣ ቁጥርም ይማሩበታል። ውድ ሳሙና አያስፈልግም፣ ጀርም ገዳይ የሚል የተፃፈበትን አትፈልጉ፣ የልብስ ሳሙና ይበቃል። እሱም ከጠፋ ንፁህ አመድ ከምንም ይሻላል።

የ2008 ክረምት አተት፣ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከቱ፣ ትዝ ይላችኋል አይደል? አዲስ አበባ ውስጥ ሁሉም ሰው ሰላጣ መብላት ያቆመበት ጊዜ። ያኔ ቤት ለቤት እንዞር ነበር፣ ወደ አቃቂ አንድ ግቢ ገባሁ፣ ተከራይ የበዛበት፣ አንድ የጋራ ሽንት ቤት ያለው። "ሳሙና አላችሁ?" አልኳቸው። ሁሉም "አለን!" አሉኝ። "እስቲ አሳዩኝ" ስላቸው አንዷ ቁልፍ ፈልጋ ቡፌ ከፈተችና ከስኒዎቹ ኋላ ሳሙና አወጣች፣ ወረቀቱ አልተቀደደም። ሌላዋም ከአልጋ ስር ከሻንጣ ውስጥ አወጣች። ሳሙና አላቸው፣ ዋሽተው አይደለም! ግን ሽንት ቤት ወጥቶ የሚመለስ ልጅ ቡፌ ከፍቶ ሳሙና ያወጣል? ሌሊት ዳይፐር የምትቀይር እናት ሻንጣ ትጎትታለች? ሳሙና እጅ ጋ ካልሆነ የለም ማለት ነው። እጅ ጋ! እጅ ጋ! ሽንት ቤቱ በር ላይ አንድ፣ ኩሽና አንድ። ይሰረቃል፣ ቶሎ ያልቃል ካላችሁ በአሮጌ ስቶኪንግ ቋጥራችሁ ስቀሉት፣ ከነስቶኪንጉ ያሹታል፣ ሳይሟሟም ይቆያል። ወይም ትንሽ ኦሞ በውሃ በጥብጣችሁ በትንሽ ሃይላንድ አድርጉና ክዳኑን ብሱት፣ ጠብ ጠብ እያረጋችሁ ትታጠቡበታላችሁ።

ውሃውንም እንደዛው። ሃይላንድ አምጡ ብዬ በቴሌግራም የፃፍኩላችሁ ለዚህ ነው። ባለ 2 ሊትሩን ሃይላንድ ትወስዳላችሁ፣ ምስማር ከሰል ላይ ታግሉና ከስሩ ከፍ ብሎ በጎኑ በኩል አንድ ቀዳዳ ትበሳላችሁ፣ ቀዳዳው ትንሽ ይሁን፣ የክብሪት እንጨት ያህል። ውሃ ሞልታችሁ ክዳኑን ጥርቅም ስታረጉት ውሃው ይቆማል፣ ከላይ አየር ካልገባ አይወርድም። ክዳኑን ላላ ስታረጉት በቀጭኑ ይወርዳል። በገመድ አስራችሁ ልጁ በሚደርስበት ቁመት ስቀሉት። ልጅ በሚደርስበት ቁመት ብያለሁ! ሲንኩ እኮ ለሶስት አመት ልጅ ግንብ ነው፣ በራሱ እንዳይታጠብ የሚያደርገው ስንፍናው አይደለም። ይሄኛውን ግን ከሰቀላችሁለት ልጁ ራሱ እየሄደ ካልታጠብኩ ብሎ ያስቸግራችኋል፣ ውሃውም አይባክንም።

ኮሮና የገባ ጊዜ፣ በ2012 መጋቢት፣ እያንዳንዱ ሱቅ በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ሳሙና ነበር፣ ታክሲ ሳንሳፈር እንታጠብ ነበር። ያ ሁሉ ጀሪካን የት ገባ? ብዙዎቻችሁ በረንዳ ላይ ዘይትና ከሰል እየተደገፈበት ያለ ይመስለኛል። አውጡት! ለትልቅ ሰው የመጣ በሽታ ሲሆን ታጥበን ለህፃናት በሽታ ሲሆን መተዋችን ልክ አይደለም። ተቅማጥ አልሄደም፣ ከኮሮና በፊትም ነበር፣ አሁንም አለ።

እሺ ወደ ሁለተኛው። ካካ።

"የህፃን ልጅ ካካ ንፁህ ነው" የሚል ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሁላችንም ሰምተናል፣ እናቶቻችንም ብለውናል፣ ወተት ብቻ ስለሚጠባ አይሸትም፣ ስለዚህ አይጎዳም። ይሄ ትክክል አይደለም። የህፃን ካካ ውስጥ ያለው ጀርም ከትልቅ ሰው አያንስም፣ እንዲያውም ልጆች በተቅማጥና በወስፋት ቶሎ ስለሚያዙ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። እኛ ግን ምን እናደርጋለን፣ ፖፖውን ግቢ ውስጥ ቦይ ላይ እንደፋዋለን፣ ዳይፐሩን በፌስታል አስረን ከብሎኩ ጀርባ እንወረውረዋለን፣ ውሻ ይበትነዋል፣ ዝምብ ያርፍበታል፣ ከሰአት ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱት እዛው ነው።

ወስፋትን እንይ። የወስፋት እንቁላል በአይን አይታይም፣ መሬት ላይ ሲወድቅ ወዲያው አያሲዝም፣ ሁለትና ሶስት ሳምንት አፈር ውስጥ ይበስላል፣ ከዛ በኋላ አመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ የደፋችሁት ፖፖ ቦታው ደርቆ፣ ተረስቶ፣ ማንም ካካ ነበር ሳይል፣ ከወር በኋላ የጎረቤት ልጅ እዛ አፈር ይጫወትና ጣቱን ይልሳል። የልጆቻችሁ ሆድ ሲነፋ፣ እየበሉ ሲከሱ ይሄን አስቡ። ስለዚህ ፖፖው ሽንት ቤት ይደፋ፣ ይታጠብ፣ ያጠበበት ውሃም ሽንት ቤት ይግባ። ዳይፐሩ ላይ ያለውን ካካ ሽንት ቤት አራግፉት፣ ዳይፐሩን ግን ሽንት ቤት አትጨምሩ ይዘጋባችኋል፣ ቋጥራችሁ ቆሻሻ ለሚሰበስቡት ልጆች ስጡ። ጨርቅ የምትጠቀሙም አላችሁ፣ ምንም አይደለም፣ ዋናው ለብቻው በሳሙና ታጥቦ ፀሀይ ላይ በደንብ መድረቁ ነው። ዶሮ ያላችሁ ደግሞ፣ ወደ ገበሬዎቹ መንደር በኩል ያላችሁ በተለይ፣ ዶሮዎቹ ህፃኑ የሚድህበት ቤት ውስጥ አይደሩ፣ ኩሳቸው ልጆችን የሚያስቀምጥ ጀርም አለው። አንድ የሚታጠብ ምንጣፍ ወይም ሸራ ለህፃኑ ብቻ ለዩለት፣ በጫማ የማይረገጥ።

ሶስተኛው። እዚህ ላይ ስለ ውሃው ቶሎ ልበል። ጀሪካን ውስጡ አረንጓዴ አልጌ ከያዘ ጠጠርና ሳሙና ጨምራችሁ ናጡት። ከበርሜል ስትቀዱ ኩባያውን ከነጣታችሁ አትንከሩ፣ እጀታው ረጅም የሆነ መቅጃ ይኑር፣ ክዳን ይኑር። ለህፃን የሚጠጣ ውሃ አፍሉት፣ እኛ ያለነው ከባህር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ነው፣ ውሃ እዚህ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ተዉት። ማፍላት ካልቻላችሁ ውሃ አጋር የሚባል የውሃ ማከሚያ አለ፣ ማሸጊያው ላይ በተፃፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ከ6 ወር በታች ያለ ህፃን ግን ውሃም አይጠጣ፣ አብሽም አይጠጣ፣ የእናት ጡት ብቻ። ወተት ከጎረቤት ገበሬ በሃይላንድ የምትገዙ ሳታፈሉ ለልጅ አትስጡ። ጡጦ ከቻላችሁ ተዉት፣ ጫፉ ላይ የሚቀረው ወተት ለማጠብ አስቸጋሪ ነው፣ በኩባያና በማንኪያ ይጠጣል። ሰላጣና ቆስጣም ከወንዝ ዳር የሚመጣ አለ፣ የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽ ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚመጣው ታውቁታላችሁ፣ ለትናንሽ ልጆች ጥሬ ቅጠል አትስጡ፣ በስሎ ይብሉ።

አሁን ቀስ ብዬ የማወራው ስለ ጥርስ ነው፣ ምክንያቱም በዚህ ልጆች ሲጎዱ በአይኔ አይቻለሁ። "ጥርስ ሊያወጣ ነው ያስቀመጠው።" ስንቶቻችሁ ብላችኋል? ስንቶቻችሁ ተብላችኋል? ጥርስ አያስቀምጥም! ጥርስ የሚወጣው በ6 ወር አካባቢ ነው፣ በዛው ጊዜ ልጁ ምግብ ይጀምራል፣ መዳህ ይጀምራል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል፣ ከእናቱ በተወለደ ጊዜ ያገኘው መከላከያም እየቀነሰ ነው። የሚያስቀምጠው ይሄ ነው። ጎረቤቴ የነበረች ወጣት እናት ልጇን ተቅማጥ ይዞት "የወተት ጥርስ ነው" ብለዋት ድዱን አስቆርጣ መጣች። ልጁ ድዱ አብጦ መጥባት አቃተው፣ ተቅማጡ ደግሞ አልቆመም፣ ሁለት ቀን ሳይጠባ እየፈሰሰ ነበር። ማታ ላይ በሬን ስታንኳኳ አይኑ ጎድጉዷል፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቶሎ አልተመለሰም፣ ሲያለቅስ እንባ የለውም። እግዜር ይመስገን ጤና ጣቢያ ደርሶ ተረፈ፣ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል። እናቲቱ አልጠላችውም፣ ከሁሉ በላይ የምትወደው ልጇ ነው፣ የተነገራትን ነው ያደረገችው። እማማዎቼ፣ እናንተን ነው የምለምነው፣ ልጆቹ የሚሰሙት እናንተን ነው፣ "ጥርስ ነው" አትበሉ፣ ድድ አታስቆርጡ፣ እንጥል አታስቆርጡ። "ጤና ጣቢያ ውሰጂው" በሉ። የናንተ አንድ ቃል ከኔ ንግግር ይበልጣል።

ተቅማጥ ከያዘው፣ ጡት አይቋረጥ፣ ምግብ አይቋረጥ። ኦአርኤስ፣ ለተቅማጥ የሚሰጠው የሚበጠበጥ ዱቄት፣ አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ንፁህ ውሃ፣ የ1 ሊትር ሃይላንድ መለኪያችሁ ነው፣ በግማሽ ሊትር አትበጥብጡ፣ በአንድ ኩባያም አትበጥብጡ። በማንኪያ ቀስ እያላችሁ፣ በተቀመጠ ቁጥር። ካስታወከው 10 ደቂቃ ታግሳችሁ እንደገና ጀምሩ። 24 ሰአት ያለፈውን ድፉት። ዚንክ ይሰጣችኋል፣ ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን ይጨርስ። ደም ካለው፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ፣ አይኑ ከጎደጎደ ኦአርኤስ እያጠጣችሁ ሩጡ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ሮታ የሚባለው የተቅማጥ ክትባት በ6 እና በ10 ሳምንት ይሰጣል፣ በነፃ ነው፣ እሱም እንዳያልፋችሁ።

ይሄ ተቅማጥ እያለፈ ስለሚሄድ ቀላል አድርገነዋል። ግን ልጁ በታመመ ቁጥር የበላው አይሆነውም። በ2011 በተደረገው የጤና ዳሰሳ ጥናት ከ5 አመት በታች ካሉ የአገራችን ልጆች 37 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለእድሜያቸው ያጠረ፣ ነበሩ። ስለ መቀንጨር ስናወራ እንቁላል፣ ወተት፣ ስጋ እንላለን፣ ልክ ነው፣ ግን በውድ የገዛችሁትን እንቁላል ተቅማጥ ይዞት ከወጣ ምን ዋጋ አለው?

ጥያቄዎች ነበሩ፣ ባጭሩ ልመልስ። አንድ አባት ሳኒታይዘር አይበቃም ወይ ብለዋል። ታክሲ ላይ፣ መንገድ ላይ ጥሩ ነው፣ ግን ካካ የነካ ወይም አፈር ያለበት እጅ ላይ በደንብ አይሰራም፣ የወስፋት እንቁላልንና አሜባን አይገድልም። ቤት ስትገቡ ሳሙና። ዋይፕስም እንደዛው ነው፣ ይጠርጋል እንጂ አያጥብም።

አንዷ እናት ደግሞ ስራ ስለምውል ልጄን የምትይዘው ሞግዚት ናት፣ ብነግራትም አታደርገውም ብላለች። እህቴ፣ ስትነግሪያት ሳሙናው የት ነበር? የራሷ ሳሙና፣ የራሷ ፎጣ አላት? "ውሃ ቆጥቢ" ብለሽ ወጥተሽ "እጅሽን ታጠቢ" ማለት አይገጥምላትም። ይሄ ጀሪካን የእጅ ነው፣ ቢያልቅም አልቆጣሽም በያት። እሱን ስትሰማ ታደርገዋለች። እሷም የሰው ልጅ ናት፣ ብዙዎቹ ገና ልጆች ናቸው፣ በቁጣ ሳይሆን አብረሻት ታጥበሽ አሳያት።

በሉ ከሰሉ ቀልቷል፣ ሃይላንድና ምስማር ያመጣችሁ ወደዚህ ጠጋ በሉ፣ ያላመጣችሁም ኮሚቴው ጋ ትርፍ አለ። ልጆቹን ከእሳቱ ራቅ አድርጉልኝ፣ ምስማሩን በፒንሳ ያዙ፣ ከታች ሁለት ጣት ከፍ አድርጋችሁ ብሱት።